የሳፊያ እጆች

ሙዓዝ ታፔላ ጻፊ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ በር ላይ «ማንኛውንም ጽሑፍ በጥራትና በፍጥነት እንጽፋለን» የሚል ሰሌዳ ዛሬም ተንጠልጥሏል፤ የጠፋው የሚያስጽፍ ሰው ነው። ባነር የሚያትም ማሽን ደሴ ከገባ ወዲህ ልብስ ሰፊውም፣ ጁስ ቤቱም፣ ጥርስ ሐኪሙም ማስታወቂያቸውን በላስቲክ አሳትመው ይሰቅላሉ። ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ላስቲኩ ላይ የሚስቀው ሰውዬ ጥርሱ ረግፎ ድዱ ብቻ ይቀራል። ሙዓዝ በዚያ ባለፈ ቁጥር «የእኔ ቀለም ቢሆን ጥርሱ እስከ ቂያማ አይነቃነቅም ነበር» ይላል። ሰሚ የለውም እንጂ እውነቱን ነው።

እጁ መስመር ይወዳል። ጠመኔ የተቀባ ክር ከዳር እስከ ዳር ይወጥርና በጣቱ ስቦ ለቀቅ ሲያደርገው ሰሌዳው ላይ የምትቀረው ነጭ መስመር አንጀቱን ታርሰዋለች። ሲሳሳት ደግሞ አይፍቅም። የሙያው ወግ ነው፤ የተበላሸ ፊደል ሲፋቅ እንጨቱ ይቆስላል፤ ስለዚህ ነጭ ይደረብበታል፣ ይደርቃል፣ በላዩ እንደገና ይጻፋል። ደሴ ውስጥ ከቀለሙ ሥር ሌላ ስም የተቀበረባቸው ስንት ምግብ ቤቶች እንዳሉ የሚያውቀው ሙዓዝ ብቻ ነው።

ሚስቱ ሳፊያ በኩላሊት ሕመም ስምንት ወር አልጋ ላይ ከቆየች በኋላ አምና ወደ አኼራ ሄደች። አንዲት ልጅ ትታለት ነው የሄደችው፤ ሱዓድ ትባላለች፣ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሱዓድ አላለቀሰችም። ዝም አለች እንጂ። የመጀመሪያውን ሳምንት ለቀስተኛው «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያለ አመሰገናት። በሦስተኛው ወር ግን ትምህርት ቤት ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት ትታ ጣቷን ብቻ ማንሳት ስትጀምር መምህርት ሊድያ አባቷን አስጠራችው።

ሊድያ ገና ከኮሌጅ የወጣች የሥዕል መምህርት ናት። ከጠመኔው ብናኝ በስተቀር ትምህርት ቤቱ የሰጣት ቀለም የለም።

«የሱዓድ አባት፣ ይቀመጡ» አለችው። «ልጅዎ በአፏ እምቢ ያለችውን በእጇ ትነግረን ይሆናል። ቤትዎ ቀለም አይጠፋም አይደል?»

«ቀለምማ ሞልቷል፤ ደንበኛ ነው እንጂ የጠፋው።»

«እንግዲያው ይስጧትና ዞር ይበሉ።»

«ዞር ማለት?»

«እጅዎን አያስገቡ። አያርሙ። ጎበዝም፣ ተበላሸም አይበሏት። ‹ስለሱ ንገሪኝ› ብቻ ይበሏት። በቃ።»

«ወላሂ አልነካባትም» አለ ሙዓዝ፤ ከልቡ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱዓድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሱቁ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ሙዓዝ ከሥራ የተረፈ ችፑድ ይቆርጥላታል፣ የጣሳ ቂጥ ላይ የቀረ ቀለም ይደረድርላታል፣ ከዚያ ዞር ይላል። ዞር ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ድመት ሳለች። ድመቷ ስድስት እግር ነበራት። ሙዓዝ ስድስቱን እግር ከትከሻዋ በላይ አሾልቆ ሲያይ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ጨበጠው። ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው ነው፤ ሁለት ትርፍ እግር እያየ ዝም ማለት የጥርስ ሕመም ያህል ነው የተሰማው።

«ስለሱ ንገሪኝ» አለ በግድ።

ሱዓድ ብዙ ቆየች። «እየሮጠች ነው» አለች።

ሙዓዝ ድመቷን እንደገና አያት። እውነትም እየሮጠች ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ልጁ በራሷ ፈቃድ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። ወደ ጓሮ ሄዶ የቀለም ጣሳዎቹን የሚደረድር መስሎ ዓይኑን ጠረገ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቃሉ መምጣት ጀመረ። ከቦሩ ሜዳ የሚመጣውን ሚኒባስ ከሹፌሩ የሚበልጥ ዶሮ አስገብታ ሳለችው፤ «ዶሮዋ ናት የከፈለችው» አለች። የጎረቤቱን ባለሱቅ በአንድ ዓይን ሳለችው፤ «በአንዱ ሚዛኑን ስለሚያይ ነው» አለች፤ ባለሱቁ ሰምቶ አንድ ሳምንት አኮረፈ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ክፍል ውስጥ «አቤት» ማለቷን ሊድያ በስልክ ስትነግረው ሙዓዝ ባዶ ሱቁ ውስጥ ብቻውን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጮኸ።

በሦስተኛው ሳምንት እናቷን ሳለቻት።

ትልቅ ችፑድ ጠይቃ ነው የሳለቻት። አራት ቀን ፈጀባት። ፊቷ ከላይ፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ ክብ ሆኖ ቀርቷል፤ አንድ ዓይን አለው፣ አፍ የለውም። የቀረው ሰሌዳ በሙሉ ክንድ ነው። ከግራና ከቀኝ ሁለት ቡናማ ክንዶች እንደ ወንዝ ይወርዱና እታች ሰፊ መዳፍ፣ ብዙ ብዙ ጣት ይሆናሉ። በጣቶቹ መሀል ጥቁር ነገር ተጠማዝዟል።

ሙዓዝ ሳፊያ መሆኗን ያወቀው ክቡን በጠቀለለው ቢጫ ሻሽ ነው፤ ሳፊያ ከራሷ አታወርደውም ነበር። «ስለሱ ንገሪኝ» ማለት ነበረበት። ግን ስለ ሳፊያ የሚነገር ነገር ለመስማት ያን ቀን አቅም አልነበረውም። «እሺ» ብሎ ገባ።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። እሑድ ኮምቦልቻ ውስጥ የየትምህርት ቤቱ ልጆች የፈጠራ ሥራ የሚታይበትና የሚወዳደርበት ቀን ተዘጋጅቷል፤ ሊድያም የሱዓድን ሥዕል መርጣለች። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አለውም። ችግሩ ቅዳሜ ጠዋት እህቱ ፋኢዛ ሱቁ ድረስ መምጣቷ ነው።

ፋኢዛ ምላሷ ከመኪና ቀድሞ የሚደርስ ሴት ናት። ልቧ ግን ደግ ነው፤ ሳፊያን ስምንት ወር ያጠበቻት እሷ ናት። ሱዓድ ቁርኣን ልትቀራ ወደ መድረሳ ሄዳ ነበር። ፋኢዛ ግድግዳውን የተደገፈውን ሰሌዳ አየችና ደረቷን መታች።

«ያ ረቢ! ይቺ ማናት?»

«ሳፊያ ናት።»

«ሳፊያ? አላህ ይርሐማትና፣ ልጅቱ ዝንጀሮ አደረገቻት እኮ! ይሄ ምንድነው፣ እጅ ነው የልብስ ማስጫ ገመድ?»

«ልጅ ናት፣ ፋኢዛ። ተይ።»

«እኔ ልተው፤ ኮምቦልቻ ያለው ሰው ይተዋል ወይ? ያ ሁሉ ባለሥልጣን፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት በሟች ሊያስቁባት ነው? ልጅቱ ገና አሁን አፏን ፈታች፤ ሲስቁባት ተመልሳ ብትዘጋውስ? አባቷ ሰዓሊ ሆኖ!»

«ታፔላ ጻፊ ነኝ።»

«ብሩሽ ይዘሃል አልያዝክም?»

እንግዲህ ፋኢዛ ይህን ብላ ወደ ገበያዋ ሄደች፤ ሙዓዝ ግን ከሰሌዳው ጋር ብቻውን ቀረ። ሰው ሲስቅ ታየው። ሱዓድ መድረክ ላይ ቆማ፣ አዳራሹ ሙሉ ጥርስ ሆኖ። ይህን ሊያስቀርላት የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ለልጁ ሊሰጣት የሚችለው ነገር ቢኖር ደግሞ እጁ ብቻ ነው። ትንሽ ብቻ፣ አለ። ክንዶቹን ብቻ ቀነስ ላድርግላት።

ነጩን ጣሳ ከፈተ።

ክንዶቹ ሲያጥሩ ትከሻው ባዶ ሆነ፤ ትከሻ ተሠራ። ትከሻው ሲሠራ ፊቱ በጣም አነሰ፤ ፊቱ ወደ መሀል መጣ። ለፊቱ ደግሞ ሞዴል አስፈለገ፤ ከመሳቢያው የሳፊያን የመታወቂያ ፎቶ አወጣ። ሳፊያ በሕይወቷ እንደዚያ ያፈጠጠችው ለቀበሌው ካሜራ ብቻ ነው፤ ግን መልክ መልክ ነው። መዳፎቹንም አንዱን በአንዱ ላይ አስደግፎ አስቀመጣቸው፤ ለእያንዳንዱ አምስት ጣት፣ ቆጥሮ። ጥቁሩ ነገር ምን እንደሆነ ስላልገባው ነጭ ደረበበት። እኩለ ቀን ላይ ዙህር አዛን ሲል ሳፊያ ተጠናቃ ነበር። እጅግ ታምራለች። ታፔላ ትመስላለች።

ሱዓድ ከመድረሳ ስትመለስ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ቆመች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ትንሽ ነው ያስተካከልኩልሽ» አለ ሙዓዝ። «እንዴት ነው?»

«አምሯል» አለች።

ሙዓዝ ተነፈሰ። ያን ቀን ሱዓድ የሱቁ ደጃፍ ላይ አለመቀመጧን ልብ ያለው ኋላ ነው።

እሑድ ጠዋት ሰሌዳውን በአንሶላ ጠቅልለው በሚኒባስ ወረዱ። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ሲወርዱ የደሴ ብርድ ከኋላ ቀረ፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙዓዝ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለ። አዳራሹ በር ላይ «ልጆቻችን በጥበብ ይናገሩ!» የሚል ባነር ተሰቅሏል። መክፈቻውን ያደረጉት የክብር እንግዳ፣ ልጆች የመናገር ዕድል ሊሰጣቸው እንደሚገባ አርባ ደቂቃ ያህል ተናገሩ፤ በመሀል ያወራች አንዲት ሕፃን «ዝም በይ!» ተባለች።

ከዚያ ሥራዎቹ ታዩ። መሐንዲስ ትንሳኤ የሚባል አባት የሁለተኛ ክፍል ልጁ «በራሱ ፈጠራ» የሠራውን የካርቶን ድልድይ ለሁለት ሰው አሸክሞ አስገባ። ድልድዩ መንገደኛ ቢያሳልፍ አይገርምም ነበር። ልጁ ሊነካው እጁን ሲዘረጋ አባቱ «እዚያ ጋ አትንካ! እሱ ምሰሶ ነው፣ ጫና ይዟል!» ብሎ ጮኸበት። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የአየር ንብረት ለውጥ ዘርፈ ብዙ ተጽዕኖን የሚያትት ግጥም አነበበች፤ አባቷ ግብርና ቢሮ እንደሚሠራ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ሙዓዝ በዚህ ሁሉ በሆዱ ሳቀ። የሰው እጅ ከሩቅ ይለያል፤ የራሱን ግን አላየም።

ሊድያ አንሶላው ሲገለጥ አጠገቡ ቆማ ነበር። ሥዕሉን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው። ከጥፊ ይልቅ ያ ነው የጠበሰው።

ዳኞቹ አንደኛ ያሉት የሱዓድን ነው። ጭብጨባው ቀለጠ። የመድረክ መሪው ቀይ ከረቫት ያሰረ፣ ልጅ ሲያናግር ድምፁን የሚያቀጥን ሰው ነው፤ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋ።

«ማሬ! ስለ ሥዕልሽ እስቲ ንገሪን!»

ሱዓድ ሰሌዳውን ዞር ብላ አየችው። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷታል።

«ይሄ የአባ ነው። የእኔ ከሥር ነው ያለው።»

አባቶች ጫማቸውን አዩ። ትንሳኤ ድልድዩን ጎንበስ ብሎ የሚፈትሽ መሰለ። የመድረክ መሪው ግን ለእንዲህ ያለው ቀን የተፈጠረ ሰው ነው፤ «እንዴት ያለች ትሑት ልጅ ናት፣ ሁሉን ነገር ለአባቷ የምትሰጥ! አጨብጭቡላት!» አለ። ሰው እፎይ ብሎ አጨበጨበ። የምስክር ወረቀትና ሃያ አራት ቀለም የያዘ ካርቶን ሰጧት። ሱዓድ ካርቶኑን ለአባቷ አቀበለችው።

ሚኒባሱ ሐረጎን መልሶ ሲወጣ ሰሌዳው ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ነበር። ሙዓዝ የአንሶላውን ጫፍ ሰብሰብ አደረገና፣

«ሱዓድዬ» አለ፣ «ከሥር ስላለው ንገሪኝ።»

በመስኮቱ እያየች ነገረችው። እማ ከታመመች በኋላ አትነሳም ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን ሱዓድ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ እማ ከላይ ሆና ፀጉሯን ትጎነጉንላታለች። አባ ያን ጊዜ ሱቅ ነው። «ፊቷን አላይም» አለች። «እጇ ነው በዚህም በዚያም የሚመጣው። በጣም ብዙ ጣት አላት ስትሠራኝ። ቀና ስል አንድ ዓይኗ ትታየኛለች።»

ሙዓዝ የራሱን ጣቶች አያቸው። ነጭ የደረበበት ያ ጥቁር ነገር የሱዓድ ፀጉር ነበር።

እነዚያን ጠዋቶች እሱ አያውቃቸውም። ስምንት ወር ሙሉ ሱቅ ልክፈት እያለ ከቤት የሚወጣው ደንበኛ ስላለው አልነበረም፤ ሳፊያ ስታልቅ ማየት ስላቃተው ነው። ከእነዚያ ጠዋቶች በዓለም ላይ የቀረው ምስክር የልጁ ዓይንና ያ ችፑድ ነበር።

ቤት እንደገቡ ቲነር አወጣ። ጨርቅ ነክሮ ከጥግ፣ ከአንዷ ዓይን ቦታ ጀመረ። የላዩ ቀለም ለሰለሰ፤ የሱዓድ ቡናማም አብሮ ለሰለሰ። የላዩም የሥሩም ከአንድ ጣሳ የወጣ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ ቲነር ደግሞ የአባትና የልጅ ብሎ አይለይም። ጨርቁ ላይ የቀረው ጭቃ የመሰለ ነገር ነው። በቢላ ሞከረ። ቢላው ነጩን ቀርፎ ቡናማውን ይዞ እንጨቱ ላይ ደረሰ። የሳፊያ ፎቶ የመሰለው ፊትም ግማሹ ሄደ። ሱዓድ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ነበር።

«ተወው አባ» አለች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«እንደገና ትስዪዋለሽ፤ እኔ ዞር እላለሁ። ወላሂ...» አለና መሐላውን ዋጠው። ባለፈው በምን እንደማለ ትዝ አለው።

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ዓይኔን ስጨፍን ያንተዋ ናት የምትመጣው።»

ሙዓዝ በማግስቱ ሊድያ ጋ ሄደ። ትቆጣኝ ብሎ ነው የሄደው፤ አልተቆጣችም። የክፍል ሥራ የተጻፈበት ሰሌዳ እየጠረገች «ይታገሱ» አለችው። «ጊዜ ይስጧት። ወረቀት ካጠገቧ አይጥፋ። መጠየቅም አይጠይቋት።» ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠች። «እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ወደ ኮምቦልቻ መውሰዱ ምን አስቸኮለኝ?» ከውጭ ልጆች ይጮኻሉ።

ፋኢዛ ወሬውን ሰምታ መጣች። የተቦጨቀውን ሰሌዳ አየች። ሱዓድን አስቀምጣ ፀጉሯን ልትጎነጉንላት ጀመረች፤ ሱዓድ ግን ዞራ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ጀርባዋን አልሰጠቻትም። ፋኢዛ ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሳምንታት አለፉ። ልጅቱ ትናገራለች፤ ክፍል ውስጥ «አቤት» ትላለች፣ ስትጠየቅ ትመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ድመት፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ሰው ዓይን ነግራው አታውቅም። የሃያ አራቱ ቀለም ካርቶን ተከፍቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱዓድ ሳትጠበቅ ሱቁ መጣች። «ወረቀት ስጠኝ» አለች።

ሙዓዝ ሰጣት። ብሩሽ፣ ውሃ፣ ካርቶኑን አስጠጋላትና ወጥቶ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። መንገዱን፣ ባጃጆቹን፣ የባለሱቁን ሚዛን አየ። ከኋላው ድምፅ የለም። ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ ድመቷ የተሳለችበት ዝምታ ነው አለ በልቡ። አንገቱ ሊዞር ሲል በእጁ ያዘው።

«አባ።»

«አቤት፣ የኔ ዓለም።»

«እጇን ከየት ልጀምር?»

«ከፈለግሽበት።»

«ከዚህ ብጀምር ልክ ነው?»

«አላየሁም እኮ። ወላ አንድ ነገር አላይም። አብሽሪ፣ እንደመጣልሽ ሳዪ።»

አንድ ባጃጅ አለፈ። ሌላም አለፈ።

«ካላየኸው» አለች ሱዓድ፣ «ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ሙዓዝ አንቺ ነሽ የምታውቂው ሊላት ነበር፤ ግን ይህንን እርግጠኝነት ራሱ ነው ነጭ ቀብቶ የወሰደባት፤ አሁን እንዴት ብሎ ይስጣት? ፀሐይ ደጃፉን አልፋ ሱቁ ውስጥ እስክትገባ ድረስ አንዱ ሌላውን ጠበቀ።

ሲዞር ወረቀቱ ነጭ ነበር። ሱዓድ ብሩሹን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ፊቱን ታየዋለች። የብሩሹ ጠጉር ገና አልረጠበም።